«ፋይን» ያልኩበት ቀን

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መካነ ሰላም ያሉ ባልደረቦቼ ጋቢ አለበሱኝ፤ አንድ የግድግዳ ሰዓትም አሸከሙኝ። ጡረተኛ ሰዓት ምን ያደርግለታል? እሱን እነሱ ይወቁ። ከዚያ አንድ ቀልጣፋ ወጣት መምህር ማይክሮፎኑን አፌ ላይ ደቅኖ፣ «ጋሼ፣ ያን ሁሉ ዘመን እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ኖረው ዛሬ ሲሰናበቱ ምን ይሰማዎታል? በእንግሊዝኛ ይንገሩን» አለኝ። «ፋይን» አልኩ። አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። እኔ ግን ቃሏ ከአፌ እንደወጣች ምላሴን ልነክሰው ደርሼ ነበር።

ይቺን ቃል ሠላሳ አምስት ዓመት አስተምሬያታለሁ። ስንት ልጅ በኔ እጅ «አይ አም ፋይን፣ ታንክ ዩ ቲቸር» እያለ እንዳለፈ እግዜር ይቁጠረው። አንድ ቀን ደግሞ፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ ያለ ቦታዋ ተናገርኳት። የምጽፈው የዚያን ቀን ነገር ነው። ስለ ደመወዝ ጭማሪና ስለ ደረጃ እድገት ደብዳቤ ማንበብ የፈለገ ሌላ ጡረተኛ ይፈልግ፤ ሞልቷል።

ተወላጅነቴ ለጋምቦ ነው፤ ከአቀስታ በላይ፣ ገብስ እንኳ ብርድ እየፈራ የሚበቅልበት ደጋ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ መካነ ሰላም ስመደብ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ከደሴ በጭነት መኪና ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ አቧራ ቅሜ፣ ቅንድቤ ሳይቀር ቀልቶ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ወረድኩ። ዳይሬክተሩ አቶ መንበሩ በር ላይ ቆመው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና፣ «እንግሊዝኛው አንተ ነህ?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ። «መጀመሪያ ታጠብ። ከዚያ እንግሊዝኛህን እናያለን።»

አቶ መንበሩ ልጅነታቸውን በቅኔ ቤት ያሳለፉ ሰው ናቸው። በኋላ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ዞረው እንግሊዝኛ ቢማሩም የቅኔ ቤቱ ዓመል አልለቀቃቸውም። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ካገኙ እንደ ግዕዝ ግስ ነው የሚይዙት፤ ዘሩን ይፈልጋሉ፣ አገባቡን ይፈልጋሉ፣ እየደጋገሙ ያወርዱታል። የጠመኔ ካርቶን ሲያልቅ አይጥሉም። በምላጭ እየቆረጡ መዳፍ የምታህል ካርድ ይሠሩና ፊት ለፊቷ ላይ ቃሉን ይጽፋሉ፤ በጀርባዋ አራት መስመር ያሰምራሉ። አንደኛው መስመር «ዘሩ» ነው። ሁለተኛው «ትርጉሙ»። ሦስተኛው «ማን ለማን አለው»። አራተኛው «ሳይባል የቀረው»። አራተኛውን ሁልጊዜ ባዶ ይተዉታል።

«ይቺ ለምን አትሞላም?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«እሷን መዝገበ ቃላት አይነግርህም። ኑሮ ሲነግርህ ትሞላታለህ።»

የፋይንን ካርድ አብረን ነው የሠራናት። ከሳቸው በፊት የነበረ መምህር ትቶት የሄደ፣ ልባሱ የተገነጠለ ወፍራም መዝገበ ቃላት ነበራቸው፤ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡልኝ። ዘሩ ከላቲን ነው፤ ዳርቻ፣ መጨረሻ ማለት። ፈረንሳዮች ወሰዱትና እስከ መጨረሻው የተሠራ፣ እንከን የሌለው አደረጉት። ከነሱ እንግሊዞች ተቀበሉት። እንግዲህ የላመ ዱቄት ፋይን ነው። ቀጭን ክር ፋይን ነው። ደመና የሌለው ቀን ፋይን ነው። ዳኛ የሚጥለው መቀጮ እንኳ ፋይን ነው፤ ጠቡን ስለሚጨርሰው። ሰው «እንዴት ነህ?» ሲልህም ፋይን ትላለህ።

እኔ ተደንቄ አፌን ከፍቼ ስሰማ አቶ መንበሩ ካርዷን ገለበጡና ሦስተኛውን መስመር በእርሳሳቸው መታ መታ አደረጉት። «እስካሁን ያልነው ለፈተና ይበቃል። ሰውየውን የምታገኘው ግን እዚህ ነው። ማን ነው ያለው? ለማን ነው ያለው? ይኸን ሳትጠይቅ እንዳትተረጉም።»

«እሺ» አልኩ። የወጣት እሺ ታውቁት የለ? ከጆሮ አያልፍም።

አራተኛ ክፍል አንዲት ሀዋ የምትባል ልጅ ነበረችኝ። አሥራ አንድ ዓመት ቢሆናት ነው። የአያ ይማም ልጅ ናት፤ አባቷ ከከተማው ሁለት ሰዓት በእግር የሚያስኬድ፣ ወደ ዓባይ ቆላ የሚያይ ገደል አፋፍ ላይ የሚኖር ገበሬ ነው። ጠዋት ጠዋት ክፍል ስገባ «ሀው አር ዩ?» ስል ሌላው ልጅ እንደ ንብ ይጮኻል፤ ሀዋ ግን ብድግ ብላ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ቃላቱን አንድ ባንድ እያስቀመጠች «አይ አም ፋይን፣ ታንክ ዩ፣ ቲቸር» ትላለች። «ጎበዝ! ቁጭ በይ!» እላታለሁ። «አጨብጭቡላት!» ክፍሉ ያጨበጭባል።

ዝናቡ የቀረ ዓመት የክፍሉ ጩኸት እየቀነሰ መጣ። አምስት ዴስክ ባዶ ሆነ፤ ቀጥሎ አሥር። የቀሩትም «ፋይን» ሲሉ ድምፃቸው ከጉሮሯቸው አይወጣም። አቶ መንበሩ በመስኮት ሲያዳምጡ ቆይተው በእረፍት ሰዓት ጠሩኝ። «ስማ፣ እነዚህ ልጆች ቁርስ በልተዋል?»

«እኔ እንጃ ጌታዬ።»

«እንዴት ናችሁ ብለህ ጠይቀህ የለም እንዴ?»

«ጠይቄ ፋይን አሉኝ።»

አንገታቸውን ነቀነቁና ሄዱ። ከሳምንት በኋላ ሀዋም ቀረች።

ረሃቡ የሚታወቅ ነው፤ አገር ሁሉ አይቶታል፣ ዓለም ሁሉ በኋላ አይቶታል፤ እኔ አልደግመውም። በዚያን ጊዜ ግን የወረዳ ሹማምንት ስሙን መጥራት አይወዱም ነበር፤ «የእህል እጥረት» ይባል ነበር። ሲመሽ ሲነጋ አንድ ቀን እርዳታ ይዘው ሰዎች መጡ፤ ከነሱ ጋር አንዲት ፈረንጅ ነርስ። ረዥም፣ ጫማዋ የወንድ፣ ቀልድ የማታውቅ ሴት። ከትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ ይሰጠን አሉ። አቶ መንበሩ እኔን ላኩኝ።

ሥራው እንዲህ ነበር። እህሉ ለሁሉ አይበቃም። ስለዚህ ነርሷ ከቤት ቤት እየዞረች፣ የልጆቹን ክንድ በክር እየለካች፣ ቤት ውስጥ የሚበላ ያለውን ከሌለው ትለያለች። የሌለው ያን ሳምንት ይመዘገባል። ትንሽ ነገር ያለው ለሁለተኛው ዙር ይቆያል። ማን የትኛው እንደሆነ የሚወስነው እንግዲህ ባለቤቱ የሚናገረውና እኔ የምለው ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ የማውቀው የመሰለኝ እንግሊዝኛ ነበር።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አያ ይማም ቤት ደረስን።

ገና ከሩቅ ሲያየን ጋቢውን መስቀለኛ አጣፍቶ ወጣ። ፊቱ ከስቷል፤ ግን ማን ያልከሳ ነበር? ቁመናው ያው ነው፣ ቀጥ ያለ። «አሰላሙ አለይኩም! ኧረ የልጄ አስተማሪ! እንደምን ከረማችሁ? ግቡ፣ ግቡ እንጂ፣ ቤት የእንግዳ ነው!» ገባን። ቤቱ ተጠርጓል። ባለቤቱ ዘምዘም ምድጃው አጠገብ ተቀምጣለች። እሳቱ ላይ ድስት ተጥዷል፣ እንፋሎቱ ክዳኑን ያንቀጫቅጨዋል። ሀዋ ምሰሶውን ተደግፋ ቆማለች፤ አየችኝና አንገቷን ደፋች። ትንሽ ወንድሟ ጓዳ በኩል ቁርበት ላይ ተኝቷል፣ እስከ ራሱ ተሸፍኖ።

ነርሷ «እንዴት ናችሁ በላቸው» አለችኝ። አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ!» አለ ይማም። «ደህና ነን። አላህ የሰጠንን እየቀመስን ነው። ይኸው ምሳ ደርሷል፣ ሳትቀምሱማ ከዚህ ቤት አትወጡም! ወላሂ አትወጡም!»

እኔም እንደ ወጋችን፣ «አላህ ይስጥልን፣ አሁን በልተን ነው የመጣነው» አልኩ። ሁለተኛ ለመነን። እምቢ አልኩ። ሦስተኛ ለመነን። ደረቴን ይዤ እምቢ አልኩ። የአገሬ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሰው እንዲህ አጥብቆ የሚጋብዝህ ድስቱ ሙሉ ሲሆን ነው፤ ድስቱ ባዶ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። እምቢ እንደምትል ስለሚተማመን አጥብቆ ይጋብዝሃል፤ አንተም ክብሩን ልትጠብቅለት እምቢ ትላለህ። ሁለታችሁም ታውቃላችሁ፤ ሁለታችሁም አትናገሩም። የሰው ድስት ክዳን ማንሳት ደግሞ ከነውርም ነውር ነው፤ ከማንሳት እጅህ ቢቆረጥ ይሻላል።

«ምን ይላል?» አለች ነርሷ።

«ምሳ እየጋበዘን ነው።»

«ልጁስ?»

ይማምን ጠየቅሁት። «ሲጫወት ውሎ ደክሞት ተኝቷል» አለ። ነርሷ ክሩን ይዛ ወደ ጓዳው ስትራመድ ዘምዘም ደነገጠች፤ ይማም ፊቱ ተለዋወጠ። አዘንኩለት። ሴት ልጁ ፊት፣ በገዛ ቤቱ ሊዋረድብኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ነርሷን ክንዷን ነካ አድርጌ፣ «የተኛ ልጅ መቀስቀስ እኛ ዘንድ ጥሩ አይደለም» አልኳት። ከዚያ አልኳት፣ በራሴ አፍ፣ በዚያ በምኮራበት እንግሊዝኛዬ፦ «ደይ አር ፋይን።»

ነርሷ ድስቱን አየች፤ ደብተሯ ላይ ለሁለተኛው ዙር ምልክት አደረገች። ስንወጣ ሀዋን ዞር ብዬ አየኋት። ትክ ብላ እያየችኝ ነበር። ለምን እንደዚያ እንዳየችኝ ያኔ አልጠየቅሁም።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። ሆዴ ያውቅ ነበር! አለማወቄን ብምል እግዜር አይወደኝም። እኔ ራሴ ለጋምቦ ሳድግ ብርድ ገብሳችንን የበላው ዓመት እናቴ በምሳ ሰዓት ድስት ውሃ ትጥድ ነበር። ጭሱ ከጣራው እንዲወጣ፣ ጎረቤት እንዳይታዘባት። ውሃ ብቻ። እኛ ልጆቿ ዙሪያውን ተቀምጠን ክዳኑ ሲንቀጫቀጭ እንሰማለን። ያን ድምፅ ከድምፅ ሁሉ ለይቼ አውቀዋለሁ። ይማም ቤትም ሰማሁት።

ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ አቶ መንበሩ ክፍል ድረስ መጥተው ጠሩኝ። ከከተማው ዳር የተሠራው መጠለያ ወሰዱኝ። ዘምዘምና ሀዋ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጠዋል። ይማም የለም። ትንሹም ልጅ የለም። ልጁ እቤት ሞተ። ይማም ቀብሮት፣ ሚስቱንና ሀዋን ይዞ ወደ ከተማ ሲመጣ ግማሽ መንገድ ላይ ተቀመጠ፤ ተቀምጦ አልተነሳም።

ዘምዘም እግሯ ሥር ስወድቅ ደነገጠች። «ኧረ ተነስ ልጄ! ምን ታድርግ አንተ? ደህና ነን ያለው እሱ ራሱ አይደል? ውሃ ነበር የጣድኩት… ውሃ ነበር። እንዳታውቁብን ብለን ነው።» አላማረረችም። ምነው ብትሰድበኝ ኖሮ! ምነው በጥፊ ብትለኝ!

ነርሷ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ነገሩን፣ ግብዣውን፣ እምቢታውን፣ ክዳኑን፣ ሁሉንም አስረዳኋት። ሰምታ ስታበቃ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። «ታውቅ ነበር?» «አዎ» አልኩ። እርሳሷን አወጣችና የዘምዘምንና የሀዋን ስም ጻፈች።

አንዳንድ ሰው ይህን ስነግረው፣ «የቃሉ ዘር መጨረሻ ማለት ነው አላልክም? ቃሉ ራሱ ይነግርህ ነበር እኮ!» ይለኛል። ተዉኝ እባካችሁ! ቃሉ ምንም አላደረገም። ላቲንም አላደረገም። ይማም «ደህና ነን» ያለው ለእንግዳ ነው፤ እኔ ደግሞ መዝገብ ለያዘች ሴት አቀበልኩት። ማን ለማን እንዳለው ነበር መጠየቅ የነበረብኝ። አልጠየቅሁም። ጥፋቱ የኔ ነው።

በማግስቱ አቶ መንበሩ ቢሮ ገብቼ፣ «ሌላ አስተርጓሚ ይፈለግ፤ እኔ አልችልም፤ ማስተማሩንም እተዋለሁ» አልኩ። እርሳሳቸውን በምላጭ እየቀረጹ ነበር። ቀና አላሉም።

«ትተህ የት ትሄዳለህ?»

«ለጋምቦ።»

«ለጋምቦም ድስት ይጣዳል። ነገ ጠዋት ነርሷ ሌላ ቤት ትሄዳለች። ካንተ ሌላ የሚመጣው አስተርጓሚ ይህን አያውቅም፤ አንተ አሁን ታውቃለህ። በል ቁጭ በል፤ እንሥራ።»

ተቀመጥኩ። የፋይንን ካርድ ሳጥናቸው ውስጥ ፈልገው ፊቴ አስቀመጡልኝ። ያን ቀን ሌላ ትምህርት ሳናስተምር ዋልን፤ አንድ ጥያቄ እንዴት እንደሚጠየቅ ስንሠራ።

እንዲህ ደረስን። «ደህና ናችሁ?» የሚለው ለሰላምታ ብቻ ይሁን፤ መልሱ አይተረጎምም። ከዚያ «ትናንት ምን ተጣደ? ከትናንት ወዲያስ?» ይባላል፤ ስለ ዛሬ አይጠየቅም፣ ዛሬ እንግዳ ፊት ነው። ቀጥሎ ዓይን ወደ ወፍጮው ድንጋይ ይሂድ። ወፍጮ አይዋሽም። ሰሞኑን የተፈጨበት ከሆነ ጠርዙ ላይ ዱቄት ይቀራል፤ ካልሆነ አቧራ ነው፣ ሸረሪትም ሊያደራበት ይችላል። ሴቷን ባሏ ፊት አትጠይቅ፤ ሴት ትጠይቃት፣ ከጓዳ። ከሁሉ በፊት ግን፣ አሉ አቶ መንበሩ፣ «የሰው ገመና እንዲገለጥልህ ከፈለግህ መጀመሪያ የራስህን ግለጥ። ስለ እናትህ ድስት ንገራቸው።»

«የእናቴን ገመና?»

«እናትህ ብትሰማህ ምን የምትልህ ይመስልሃል?»

እናቴን አሰብኳት። ንገር ነው የምትለኝ።

ነገርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በገባሁበት ቤት ሁሉ ነገርኩ። አቀስታ አጠገብ አንዲት አሮጊት፣ እመት ጦይባ ይባላሉ፣ «ተመስገን፣ ጠግበን ነው የምናድረው» ብለው ድርቅ አሉብኝ። ድስታቸው ይንቀጫቀጫል። እኔም ተቀመጥኩና፣ «እማማ፣ የኔ እናት ብርድ ገብሱን የበላው ዓመት ምን ትጥድ እንደነበር ልንገርዎት?» ብዬ ጀመርኩ። ስጨርስ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ያለቅሳሉ ስል ለካ እየሳቁ ነው። ተነስተው በገዛ እጃቸው ክዳኑን አነሱና፣ «ና እይ እንግዲህ! ያንተ እናትና እኔ አንድ ዓይነት ወጥ ነው የምንሠራ!» አሉኝ። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ። ነርሷ «ምን አሉ?» ስትለኝ ቃል በቃል ነገርኳት። ቀልድ የማታውቀው ሴትዮ አፏን በእጇ ይዛ ወጣች። እመት ጦይባ ያን ዕለት ተመዘገቡ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ።

አብዮቱ ሲመጣ ብዙ ነገር ተገለባበጠ። ስለ ረሃቡ ተናገራችሁ ተብለን ስንገሠጽ የነበርን ሰዎች ለምን አልተናገራችሁም ተብለን ተገመገምን። አቶ መንበሩን «የአሮጌው ሥርዓት ዳይሬክተር» ብለው አነሷቸው። አልተከራከሩም። የካርዶቹን ሳጥን በገመድ አስረው አሸከሙኝና፣ «ባዶዎቹን መስመሮች ሳትሞላ እንዳትሞት» አሉኝ። ወደ አገራቸው ወግዲ ሄዱ፤ እዚያው አረፉ። ነፍሳቸውን ይማር፤ እንደሳቸው ያለ አለቃ ከዚያ ወዲህ አልገጠመኝም።

በሰባ ሰባት ሁለተኛው ረሃብ ሲመጣ ደግሞ እንግዶች መጡ፤ አሁንም አስተርጓሚ እኔ። የወረዳው ካድሬ፣ ደረቱን የነፋ ጎረምሳ፣ እንግዶቹ ፊት አቆመኝና፣ «ሕዝቡ ደህና ነው፣ ሁኔታው በቁጥጥር ሥር ነው በላቸው» አለኝ። ሀዋ ምሰሶውን ተደግፋ ታየችኝ። ወደ እንግዶቹ ዞርኩና ጥርት አድርጌ በእንግሊዝኛ፣ «‹ሕዝቡ ደህና ነው በላቸው› ይለኛል» አልኳቸው። እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው «አንተስ ምን ትላለህ?» አለኝ። «ቤቶቹን በእግር እንያቸው፤ ወፍጮዎቹን ላሳያችሁ» አልኩ። ሄድን፤ አሳየኋቸው።

ካድሬው ትንሽ እንግሊዝኛ ይሰማ ኖሯል። «ምንድን ነው ያልካቸው?» ብሎ አፈጠጠብኝ። «ያሉትን ነዋ! አንዲት ቃል አልጨመርኩም!» በሳምንቱ ወደ ማሻ መዛወሬን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰኝ። እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ነው። ማሻ ደግሞ ብርዱ አጥንት ይሰብራል እንጂ ሰዉ ወርቅ ነው፤ አምባ መቅደላን በመስኮት እያየሁ ስድስት ዓመት አስተማርኩ። እዚያው ሚስት አገባሁ። ክፍል ገብቼ «ሀው አር ዩ?» ስል ልጆቹ «ፋይን» ብቻ ብለው እንዲቀመጡ አልፈቅድም ነበር። «ቁርስህን ምን በላህ?» እላለሁ፤ በእንግሊዝኛ ይመልሳል። «ኖ ብሬክፋስት፣ ቲቸር» ያለኝን በእረፍት ሰዓት ቤቴ እወስደዋለሁ። ተቆጣጣሪ መጥቶ ይህ በሥርዓተ ትምህርቱ የለም ሲለኝ፣ «ይጨመር!» አልኩት።

እንግዲህ ወደ መካነ ሰላም ተመልሼ፣ እዚያው ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ነው። ባለቤቴ ከሞተች ሁለት ዓመት አልፏል፤ ልጅ አልሰጠንም። አንድ ቅዳሜ ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ በሬ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ሻሽ ያሰረች፣ ጎልማሳ፣ ቀጥ ያለ ቁመና ያላት ሴት። ቁመናውን አወቅሁት።

«ቲቸር፣ ረሱኝ? ሀዋ ነኝ። ሀዋ ይማም።»

አክስቷ ደሴ ወስዳ እንዳስተማረቻት፣ ነርስ ሆና አቀስታ ጤና ጣቢያ እንደምትሠራ ሰምቼ ነበር። ስንት ጊዜ ልሄድ ተነስቼ፣ ሚኒባሱ ድረስ ሄጄ፣ እግሬ ከድቶኝ ተመልሻለሁ። ያን ቀን ምን ብዬ እንደተረጎምኩ ልነግራት ነበር ፍላጎቴ። እናቷ ደህና ነን ያለው አባትሽ ነው ብላት ይሆናል፤ በኔ አፍ ምን ተብሎ እንደተላለፈ ግን አታውቅም፣ እንዲህ ነበር የማስበው። ሳልነግራት መሞት አልፈልግም፤ ስነግራት ፊቷን ማየትም አልችልም።

አስገባኋት። «ደህና ነዎት?» አለችኝ።

«ፋይን! ፋይን!» አልኩ እየተቅበጠበጥኩ። «ቁጭ በይ፤ ወጥ ጥጃለሁ፣ ምሳ ሳትበይማ አትሄጂም!»

«በልቼ ነው የመጣሁት» አለች።

«እንዴት ተደርጎ! ወላሂ አትሄጂም!»

ትክ ብላ አየችኝ። ያ አስተያየት፣ የምሰሶው ሥር አስተያየት። ተነሳች። ወደ ምድጃዬ ሄደች። እጇን ዘርግታ የድስቱን ክዳን አነሳች።

ባዶ ነበር። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ አቧራ የያዘ። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ምን ጥጄ አውቃለሁ? በሻይ ዳቦ ነው የምኖረው፤ ብቻውን የሚበላ ሰው መጣድ አያሰኘውም። ሀዋ ክዳኑን ይዛ ቆመች። ይማም እንዲያ ሲጋብዘን ምን እንደተሰማው ያኔ ገባኝ። አፌ ተከፈተ፤ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ነርሷን፣ ክሩን፣ የተኛውን ልጅ፣ የእናቴን ድስት፣ ማወቄን። «ደይ አር ፋይን አልኩ ሀዋ። ደህና ናቸው አልኩ። የተናገርኩት እኔ ነኝ።»

«ሰምቼዎታለሁ» አለች።

«ምን?»

«ያን ቀን ከፈረንጇ ጋር ካወራችሁት ሁሉ የገባችኝ ያቺ አንዲት ቃል ነበረች። እርስዎ አይደሉ ያስተማሩኝ? ሌላው አልገባኝም፤ ፋይን ሲሉ ሰማሁ።» ክዳኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እና ቲቸር፣ ርቦኝ ዓይኔ እየዞረ ነበር። ግን ቲቸር ፋይን ካለ ደህና ነን ማለት ነው ብዬ አመንኩ። ወንድሜ ሲሞት እንኳ እንዴት ፋይን ሆኖ ይሞታል እያልኩ ነበር።»

ፊቴን በእጄ ያዝኩ። ሠላሳ ዓመት ፈርቼ የሸሸሁት ይኸን ነበር፤ ይሁን እንጂ ይህን ያህል ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም። አለቀስኩ፤ እንደ ልጅ ነው ያለቀስኩት። ሀዋም አለቀሰች። ይቅርታ እስክል አልጠበቀችኝም፤ ይቅር ብያለሁም አላለችኝም። ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገችና ከቦርሳዋ ሽሮ፣ ሽንኩርት፣ በጨርቅ የተጠቀለለ እንጀራ አወጣች። ይዛ ነበር የመጣችው! እሳቱን አያያዘች፣ ድስቱን አጠበች፣ ጣደች። ቤቴ ውስጥ ክዳን ሲንቀጫቀጭ ከሁለት ዓመት በኋላ ሰማሁ፤ በውስጡ ወጥ ነበረው።

በላን። ጠግቤ በላሁ።

ሳህኑን አንስታ ተመለሰችና ፊት ለፊቴ ቆመች። እጆቿን ኋላዋ አጣመረች፤ እኔ ክፍል ውስጥ እንደማደርገው።

«ሀው አር ዩ፣ ቲቸር?»

ብድግ አልኩ። ጋቢዬን አስተካከልኩ። ቃላቱን አንድ ባንድ አስቀመጥኳቸው።

«አይ አም ኖት ፋይን» አልኩ። «አይ ዎዝ ሀንግሪ። ታንክ ዩ፣ ሀዋ።»

«ጎበዝ» አለችኝ። «ይቀመጡ።»